ወደ ምንጩ ሜዳ የተጎተተ ቤት

ሽማግሌው ከመኪናው በር ሥር ቆሞ ወደ ላይ አየ። የወንበሩ ጠርዝ ደረቱ ጋ ይደርሳል። ዳሌው ውስጥ ብረት አለ፤ እግሩን ከጉልበቱ በላይ ማንሳት ካቆመ ቆይቷል።

«መረገጫ የለውም?»

«ነበረው። ነቀልኩት» አለ ዴል።

«ለምን?»

«አያምርም።»

ዴል ረስክ የሽማግሌው የቨርን ሃልቨርሰን አማች ነው፤ ልጁን ትሩዲን ያገባ። ግማሽ ቶን ጫኝ ፒካፑን በበጋው ጋራዥ አስገብቶ አካሉን ከጎማው በላይ ከፍ አስደርጎታል። ጎማውንም በሰፊና ጥርሳም ጎማ ለውጦታል። በአሜሪካዋ የዋዮሚንግ ግዛት ጎልማሶች ዘንድ ይህ የተለመደ ነው። መኪናው ከፍ ሲል ባለቤቱም ከፍ ያለ ይመስለዋል።

«እኔና ዴል እንያዝህ አባዬ» አለች ትሩዲ።

«ጎረቤት እያየ? ዞር በይ።»

ከዘራውን እየተደገፈ ወደ ተጎታቹ ቤት ሄደ። የተጎታቹ ደረጃ ዝቅ ያለ ነው። ወጣ፣ ከኋላ በኩል አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«እዚሁ እሄዳለሁ።»

«ክልክል ነው አባዬ! በሚጎተት ቤት ውስጥ ሰው አይጫንም።»

«የከለከለው ሰውዬ መጥቶ ያውርደኛ።»

ትሩዲ ባሏን አየችው። ዴል ሰዓቱን አየ። «ይሁን» አለ። «ከቆምን ያ ላይል ፕሩት ይቀድመናል።»

የሚሄዱት ከተራራው ማዶ ወዳለው የምንጭ ሜዳ ነው። ኤልክ የሚባለው ትልቁ አጋዘን ውሃ ሊጠጣ እዚያ ይወርዳል። መሬቱ የመንግሥት ነው፤ ባለቤት የለውም። ያልተጻፈ ሕግ ግን አለ። አደን ከመከፈቱ በፊት ተጎታቹን መጀመሪያ ያቆመ ሰው፣ ሜዳው እስከ አደኑ መጨረሻ የእሱ ነው። ቨርን ከጉርምስናው ጀምሮ ይዞት ኖሯል። አምና ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ላይል ፕሩት ወሰደበት። ዘንድሮ ሊያስመልሰው ተነሥቷል። ለከርሞ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ሐኪሙ ሌላ ቀጠሮ አልሰጠውም።

ሽማግሌው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ መጋጠሚያውን አየ። መኪናው ስለተነሣ ተጎታቹ የሚያርፍበት የብረት ኳስም አብሮ ተነሥቷል። የተጎታቹ ፊት ሽቅብ ተቃንቷል፣ ጭራው ወደ መሬት ዘቅዝቋል። ጭራው ላይ ባለው የብረት መደርደሪያ ማገዶው፣ ጄኔሬተሩና የውሃ በርሜሉ ተቆልሏል።

«ሸክሙን ለምን ኋላ ጫንከው?»

«ፊት ከተጫነ የመኪናው ኋላ ይሰግዳል።»

«ይስገዳ!»

«ከፍ ያስደረግሁት ሊሰግድ ነው እንዴ?»

«ጭራው የከበደ ተጎታች ተራጋጭ በቅሎ ነው፤ ታየዋለህ።»

«እርስዎ ይቀመጡ ብቻ» አለ ዴል። የእጅ ራዲዮ ሰጠውና በሩን ዘጋ።

ከከተማው ሲወጡ ነፋሱ ገላጣው ላይ ጠበቃቸው። ዛፍ የለም። ግራጫ ቁጥቋጦ፣ የሽቦ አጥር፣ አጥሩ ላይ የተሰካ ፌስታል። ነፋሱ ከምዕራብ ተንደርድሮ የቤቱን ጎን በጥፊ መታው። ጭራው ወደ ቀኝ ሸሸ። ተመለሰ፤ አልቆመም፣ ወደ ግራ አለፈ። መሪው በዴል እጅ ውስጥ ቀለለ። የተጎታቹ አንገት መኪናውን ከኋላ ጨምድዶ ይነቀንቀው ጀመር።

ራዲዮው ጮኸ። «ፍሬን እንዳትነካ!»

ዴል ፍሬን ረገጠ። መኪናው ሲዘገይ ቤቱ ከኋላ ገፋው፤ የፒካፑን ጭራ ይዞ ወደ ጎን ወረወረው። ከፊት የሚመጣ የጭነት መኪና ጥሩምባውን አንባረቀ፣ በጥፍር ያህል ርቀት አለፈ።

«የተጎታቹን ብቻ ያዝ! ትንሿን መያዣ! ነዳጅ አትልቀቅ!»

የዴል ሁለት እጆች መሪው ላይ ደርቀዋል። ትሩዲ ከወንበሯ ተዘረጋች፣ ከመሪው ሥር ያለችውን የተጎታቹን ፍሬን መያዣ ሳበች። ቤቱ ከኋላ ተጎተተ፣ ተወጠረ፣ ቀጥ አለ። ዴል ወደ መንገዱ ዳር አውጥቶ አቆመ።

በሩን ሲከፍቱ ሽማግሌው ወለሉ ላይ፣ በተሰበረ ሳህንና በፈሰሰ ስኳር መካከል ተቀምጧል። ቅንድቡ ተሰንጥቆ ደም ዓይኑ ውስጥ ገብቷል።

«ፍሬን አትንካ ማለት በየትኛው ቋንቋ ቢነገርህ ይገባሃል?»

«ሸክሙን አሁኑኑ ወደ ፊት እናዙረው» አለች ትሩዲ።

ዴል ሊመልስ ሲል አንድ አሮጌ ፒካፕ ነጭ ተጎታች ይዞ ከኋላ መጣ፤ ዝቅ ያለ፣ ቀለሙ የለቀቀ። ፍጥነቱን ቀነሰ፣ መስኮቱ ወረደ። ላይል ፕሩት ነው። ፀጉሩ ሸብቷል፣ ክንዱ በመስኮት ወጥቷል።

«ዴል! አፍንጫውን ወደ ሰማይ አድርገህ ልታርግ ነው?» ሳቀ። «ሽማግሌውስ? ቤት ተውከው?»

«ውስጥ ነው።»

«የት ውስጥ?» ላይል የተጎታቹን በር አየ። ሳቁ ቆመ። «ሰው አይደለህም አንተ» አለና ነዳጅ ሰጠ።

አቧራው ሲርቅ ዴል ቆሞ አየ። «ማውረድና መጫን ቀኑን ይበላዋል። እንሂድ።»

«አባዬ መኪናው ውስጥ ይግባ እንግዲያው።»

ዴል ጎንበስ ብሎ ብብቱን ሊይዘው እጁን ዘረጋ። ሽማግሌው የከዘራውን እጀታ በእጁ አጥንት ላይ አሳረፈበት።

«እጅህን አንሣ።»

«እኔ ካንተ ጋር እቀመጣለሁ» አለች ትሩዲ።

«ውጪ። አንድ ሬሳ ይበቃል። ሁለት ከሆንን ማን ሊያለቅስ ነው? እሱ?» ደሙን በእጅጌው ጠረገ። «ላይል ቀድሞናል። ንዳ!»

ከቀትር በኋላ ጫካው ውስጥ ገቡ። አስፋልቱ አለቀ። መንገዱ ጠቦ፣ በግራ የተራራው ግድግዳ፣ በቀኝ ገደል ሆነ። ከታች ወንዝ ይጮኻል፤ አይታይም። የጥዱ ቅርንጫፍ የቤቱን ጣሪያ ይፍቃል። አንድ መታጠፊያ ሲዞሩ መንገዱ ተዘግቶ አገኙት።

ሙስ የሚባለው ግዙፍ አጋዘን ነው። ከፈረስ የሚበልጥ ወንድ፣ ቀንዱ እንደ አካፋ የተዘረጋ። ወሩ እንስቷን የሚሻበት ወር ነው፤ በዚያ ወር የቆመ ነገር ሁሉ ባላንጣው ነው። አንገቱን ዝቅ አደረገ። ጆሮው ወደ ኋላ ተኛ።

«መብራት አታብራበት፣ ጥሩምባ አትንፋ» አለ ራዲዮው። «ቁም። ይሄዳል።»

ዴል ጥሩምባውን ነፋ።

ሙሱ መጣ። ኮፈኑን በቀንዱ መታው፤ መኪናው ከፍ ስላለ ቀንዱ ከሥር ገብቶ የመብራቱን መስታወት በታተነው። ዴል የኋላ ማርሽ አስገብቶ ረገጠ። ተጎታች ወደ ኋላ ሲነዳ መሪው ተቃራኒ ነው፤ ደንግጦ ረሳው። ቤቱ መጋጠሚያው ላይ ታጠፈ። የኋላ ጥጉ ወደ ገደሉ ወጣ፣ አንዱ ጎማ አፈሩን ናደ።

«አቁም! አባዬ ኋላ ነው!» ትሩዲ በጡጫ ትከሻውን ደበደበችው።

አቆመ። ሙሱ መኪናውን ትቶ ወደ ተጎታቹ ዞረ። በሩ ላይ የራሱን ጥላ አይቶ ይሆናል። በፊት እግሮቹ መታው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ደጋግሞ። ቆርቆሮው እንደ ከበሮ ጮኸ። ከውስጥ የሽማግሌው ስድብ ይሰማል፤ ለሙሱም ለዴልም አካፍሎ ይሳደብ ነበር። ሙሱ ሲሰለቸው አክ እንትፍ እንደሚል ሰው አፍንጫውን ነፋ፣ ወደ ጫካው ገባ።

ዴል ቀስ ብሎ ወደ ፊት ጎትቶ ጎማውን ከገደሉ አወጣ። ትሩዲ ዘልላ ወርዳ በሩን ያዘች። በሩ ወደ ውስጥ ጎብጧል፣ መቃኑ ተጣሟል። ሳበች፤ አልተነቃነቀም። ዴልም ሳበ። በክሪኩ ብረት ሞከረ፤ ብረቱ ተንሸራቶ የገዛ ጉልበቱን መታው።

«ተዉት» አለ ሽማግሌው ከውስጥ። «ስንደርስ ትሰብሩታላችሁ። ከዚህ የት ልሄድ ኖሯል?»

«ካንተ ጋር ሰው የለም! በሩ ተዘግቶብሃል!»

«ሳጥን ውስጥ መሆን እየለመድኩ ነው። ንዱ።»

ተራራው ጫፍ ላይ ጠፍጣፋ ቦታ አለ። ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት ሜዳው ድረስ አይቆምም። ስለዚህ ጫፉ ላይ ሁሉም ይቆማል። ፍሬን እስኪበርድ ይጠብቃል፣ ይሸናል፣ ስለ አየሩ ያወራል። ቀድሞ ጫፉ ላይ የደረሰ ቀድሞ ይወርዳል። ማንም ማንንም እዚያ ቦታ ላይ አልፎ አያውቅም። የላይል ፒካፕ ቆሟል። ላይል የጎማውን ቼርኪዮ በመዳፉ እየነካ ሙቀቱን ይለካል።

ዴል ፍጥነቱን አልቀነሰም።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለች ትሩዲ።

ላይል ቀና አለ። ሁለት እጁን አንሥቶ አወዛወዘ። አፉ ሲከፈት ታየ፤ ድምፁ አልተሰማም። አቧራው ዋጠው።

«ቀደምነው» አለ ዴል። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

ራዲዮው ተንኮሻኮሸ። ከዚያ፣ «ጫፉ ላይ አልቆምክም» አለ ሽማግሌው። ስድብ አልጨመረበትም። ትሩዲን ያስፈራት ይህ ነው።

ቁልቁለቱ ያዛቸው። ትልልቁ ጎማ ለፍሬኑ ከባድ ነው፤ ሞተሩም በዝቅተኛ ማርሽ መኪናውን እንደ ድሮው አልያዘውም። ከኋላም ነገር ተበላሽቷል። የቤቱ ፊት ስለተቃና ክብደቱ በሙሉ በኋለኞቹ ሁለት ጎማዎች ላይ ወድቋል። ፊተኞቹ መሬቱን ይዳብሱት ነበር እንጂ አልያዙትም። የአራት ጎማ ፍሬን ሥራ ሁለቱ ብቻ ሠሩት፣ ነደዱ።

«ጭስ ይሸተኛል» አለ ራዲዮው።

«የምን ጭስ?»

«ጫማ ሲቃጠል ዓይነት። የተጎታቹ ፍሬን ሄዷል። አሁን የራስህን ትበላለህ።»

ዴል ረገጠ። ፔዳሉ ከእግሩ ሥር ለሰለሰ። ደግሞ ረገጠ፤ ወለሉን ነካ። መታጠፊያው መጣ፣ ጎማው ጠጠር እየተፋ አለፈው። ከኋላ ቤቱ መወዛወዝ ጀመረ። አሁን ነፋስ አልነበረም።

«ግድግዳው ላይ አሳርፈው» አለ ሽማግሌው።

«ምን?»

«መኪናውን ለግራው ግድግዳ ስጠው። ፍጥነቱ ሳይብስ። አሁን።»

ዴል የተራራውን አለት አየ። ኮፈኑን አየ። ቀለሙ በዚያ ሁሉ አቧራ ሥር ያበራ ነበር። «እይዘዋለሁ» አለ። «ከታች መንገዱ ደልዳላ ነው።»

«ስጠው ነው የምልህ!»

«ዝም በል አንተ ሽማግሌ!»

«እስካሁን ስታከብረኝ ነበር ለካ» አለ ራዲዮው።

ቀጥሎ መስታወት ሲሰበር ተሰማ።

«አባዬ! ምንድን ነው?»

«ጭራውን እያቀለልኩላችሁ ነው።»

ትሩዲ በጎን መስታወቱ አየች። ከቤቱ ኋላ ጉማጅ እንጨት እየተወረወረ መንገዱ ላይ ይነጥራል። ሽማግሌው የኋላውን መስኮት በከዘራው ሰብሮ፣ ወገቡ ድረስ ወጥቶ፣ መደርደሪያው ላይ ያለውን ማገዶ አንድ በአንድ ይጥላል። ጄኔሬተሩን ገፋው። የውሃው በርሜል ተከተለ፤ ገደል ገባ። ውዝዋዜው ቀነሰ። ቤቱ መኪናውን መነቅነቅ ተወ። ፍጥነቱ ግን ጨመረ። የሚቀጥለው መታጠፊያ ጥድ የለበትም፤ ከጠርዙ በኋላ ሰማይ ብቻ ይታያል።

«ያዝ! አባዬ፣ የሆነ ነገር ያዝ! ቁጭ በል!»

ሽማግሌው አልሰማትም። ራዲዮውን እንጨት ለማንሣት አስቀምጦታል።

ዴል መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘ።

አለቱ የፒካፑን ጎን ላጠው። በሩ ገባ፣ ጎማው ተነቅሎ ወደ ላይ ዘለለ፣ ኮፈኑ ተከፍቶ መስታወቱን ሸፈነው። መኪናው አለቱን እየፋቀ ሄደ፣ ሄደና ተሰነቀረ። ቤቱ ከኋላ መጥቶ ተደገፈው፣ አንድ ጎኑን አነሣ፣ አሰበበት፣ መልሶ ተቀመጠ። የሞተሩ ውሃ ጠጠሩ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

ትሩዲ በራሷ በኩል ያለውን በር ገፍታ ወጣች። እየሮጠች፣ እየጠራች በሩን ደበደበች።

ላይል በእግሩ ከላይ መጣ። በትከሻው ረጅም የብረት ዘንግ ይዟል፤ ያለከልካል።

«ማገዶአችሁን መንገድ ሙሉ ዘርታችሁ ጎማዬን በላው» አለ። ከዚያ የትሩዲን ፊት አየ። ዘንጉን መቃኑ ውስጥ ሰክቶ በሙሉ ክብደቱ ተንጠለጠለበት። በሩ ጮኾ ተከፈተ።

ሽማግሌው ቤቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋርጦ ተወርውሯል። ፊት ለፊት ካለው ቁም ሳጥን ሥር ተጣጥፎ ተኝቷል። ዓይኑ ክፍት ነው።

«ቨርን፣ ሞተሃል?» አለ ላይል።

«አንተን ደስ እንዲልህ?»

አወጡት፣ ብርድ ልብስ ላይ አስተኙት። ሲተነፍስ የቀኝ ጎኑ አይነሣም። ከንፈሩ ጥግ ላይ ያለው ደም ከቅንድቡ የወረደ አልነበረም። ላይል አየው፤ ዴልም አየው።

«ስልክ የሚሠራው ጫፉ ላይ ነው» አለ ላይል። «ጎማ ቀይሬ፣ ተጎታቼን ፈትቼ እወጣለሁ። እስከዚያ እንዳታንቀሳቅሱት።»

«ሜዳው ከሁለት መታጠፊያ በታች ነው» አለ ሽማግሌው።

«አባዬ፣ አይሆንም።»

«አንቺን አልጠየቅሁም።» ዓይኑን ወደ ዴል አዞረ። «አንተ ነህ ያመጣኸኝ። ጨርሰው።»

«ሕጉ ተጎታች ነው የሚለው ቨርን» አለ ላይል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰው ተሸክሞ የደረሰ ቦታ አይዝም።»

«ቦታ ማን ጠየቀህ? ላየው ነው።»

ዴል መኪናውን ዞር ብሎ አላየም። ተንበረከከ። ላይል ሽማግሌውን ከኋላ ደግፎ ጀርባው ላይ አስቀመጠለት። ሽማግሌው እንደ ደረቅ እንጨት ቀላል ነበር።

«ትሩዲ…» አለ ዴል።

«ስሜን አትጥራ» አለችው።

ወረዱ። ዴል ከፊት፣ ትሩዲ ከኋላ፤ ላይል ወደ ጎማው ሽቅብ ተመለሰ። ጠጠሩ ከጫማው ሥር ይከዳዋል፤ አንዴ በጉልበቱ ወደቀ፣ ተነሣ። የሽማግሌው ትንፋሽ አንገቱ ላይ ይመጣል፣ ይሄዳል። የመጨረሻውን መታጠፊያ ሲዞሩ ጥዱ ተከፈተ።

ሜዳው ሙሉ ነበር። አዳዲስ ተጎታቾች ክብ ሠርተው ቆመዋል፤ ታርጋቸው የዋዮሚንግ አይደለም። ሙዚቃ ይሰማል። ሣሩ ተረግጦ ጭቃ ሆኗል። ምንጩ ውስጥ የቢራ ሳጥኖች እስከ አንገታቸው ተዘፍቀዋል፣ እንዲበርዱ።

አንድ ወፍራም ሰው እጥፋቱ ያልለቀቀ አዲስ የአደን ልብስ ለብሶ፣ ጣሳ ይዞ መጣ። ፊቱ ደግ ነበር።

«ሰላም ጎረቤቶች! ትንሽ ዘገያችሁ። እኛ ከመጣን ቆየን።» በዴል ጀርባ ላይ ያለውን ቀና ብሎ አየ። «አባት ደከሙ እንዴ? ወንበር ላምጣ?»

ሽማግሌው አገጩን ከዴል ትከሻ ላይ አንሥቶ ተጎታቾቹን አየ። ምንጩን አየ። ረጅም ጊዜ አየው።

«ዞር በል» አለ።

ዴል ዞረ። ሰውየው ጣሳውን ይዞ ቀረ።

ሽቅቡ ከባድ ነው። ዴል ወደ ፊት ጎብጦ፣ እጆቹን ከሽማግሌው ጭን ሥር ቆላልፎ ወጣ። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ፤ የሚጠርግበት እጅ አልነበረውም። ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ወረደች፣ ብርዱ ከወንዙ ተነሣ። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ አንገቱ ላይ ይመጣ የነበረው ትንፋሽ መጣ። ቆየ። ሌላውን ጠበቀ፤ አልመጣም። የሽማግሌው ራስ ወደ ጎን ሄዶ የዴል ጆሮ ላይ አረፈ።

ዴል አልቆመም። ሸክሙን አንዴ ወደ ላይ ነቅነቅ አድርጎ አስተካከለ።

«ተኛ?» አለች ትሩዲ ከኋላው። ከወረዱ በኋላ ያወጣችው የመጀመሪያ ቃል ነበር።

አዎ ቢል እስከ ላይል ድረስ በሰላም ትወጣ ነበር። ብዙ እርምጃ ሄደ።

«አልተኛም» አላት።

የጫማዋ ድምፅ ከኋላው ተቋረጠ። ዴል እየወጣ አዳመጠ። ከዚያ ጠጠሩ እንደገና ጮኸ። ደረሰችበት። እሱን አልነካችውም። የአባቷን የተንጠለጠለ እጅ ያዘችና ከጎኑ ትወጣ ጀመር። መንገዱ ገና ነበር።